አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ

አዲስ አበባ
ኅዳር 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለጋሽ ቦጂያ፣ ጎጆ

ጋሼ፣ አካም ጂርቱ? ከሰላምታዬ በፊት ይቅርታዬ ይቅደም። ባለፈው ዓርብ ከሆስፒታላችን የጭምብል ክፍል ወጥተው ሲሄዱ እስከ ግቢው በር ተከትዬዎት ሮጫለሁ። ነጭ ጋውን ለብሼ «ጋሼ! ጋሼ!» እያልኩ ስጮህ ዘበኛው ሌባ የማባርር መስሎት ዱላውን አንስቶ ነበር። እንኳን ሳይነካዎት ቀረ። ከበበው፣ የጎጆው አውቶቡስ ሹፌር፣ እስከ ጊንጪ ድረስ አንገትዎን ደፍተው እንደሄዱ ነገረኝ።

ለጨረር ሕክምናው ራስዎን አጽንቶ የሚይዘው ጭምብል ተሠርቶ አልቋል። ያ የሞቀ ፕላስቲክ ፊትዎ ላይ እንደተደረገ ደርቆ የአፍንጫዎንና የአገጭዎን ቅርጽ እንዳለ ይዟል። ስምዎ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ተሰቅሏል። ጠዋት ስገባ ዓይኔ እሱ ላይ ያርፋል፣ እና ይመኑኝ፣ የቤት ሥራዬን ሳልሠራ ክፍል የገባሁ ነው የሚመስለኝ።

ዶክተር ዲቦራ ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልዎ። ካንሰሩ ገና ከድምፅዎ አውታር አልወጣም። ጨረሩን በጊዜ ከጀመሩ ይድናል። የሚድን በሽታ ነው ጋሼ! ከቆየ ግን ወደ አንገት ይገባል፣ ያኔ ጉሮሮ እስከ መቁረጥ ሊደረስ ይችላል። ተራዎ ጥር 5 ቀን ነው። ያ ካለፈ እንደገና ወረፋ ነው፣ ወረፋው ደግሞ ስንት ወር እንደሚፈጅ በዓይንዎ አይተውታል።

ከመሄድዎ በፊት ደብተርዎ ላይ ጽፈው የሰጡኝ ጥያቄ እጄ ላይ አለ። መልሱ ትንሽ ይረዝማል፣ ሌላ ቀን እጽፍልዎታለሁ። ባርኔጣዎን ረስተው ሄደዋል፣ እኔ ጋ ነው።

ተማሪዎ
ሶረቲ ጃርሶ


ጎጆ
ኅዳር 11 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሶረቲ ጃርሶ

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነጋ ኬቲ? ደብዳቤሽን ከበበው አምጥቶ ሰጠኝ። አራት ነጥብ በሚገባበት ሁለት ቦታ ነጠላ ሰረዝ አግብተሻል። እንዲያው ስለ ሩጫሽ ብዬ አልፌሻለሁ።

ለምን አልደወለም ብለሽ እንደሆነ፣ ደውዬ ምን ልበል? ሠላሳ አንድ ዓመት ስም የጠራሁበት ጉሮሮ ዛሬ እንደ ታመመ ድመት ነው የሚያሰማው፣ እሱም ሲቀናው። ሰው ይጠይቀኛል፣ አይዋሽም፣ ጎጆ ጠያቂ አይጠፋም። መጥተው ይቀመጡና ስለ ገብሱና ስለ በጉ እርስ በርሳቸው በላዬ ላይ ያወራሉ። ዝም ያለ ሰው መስማትም ያቆመ ይመስላቸዋል መሰለኝ። አንዷማ «ድንኳኑ ከእድር ነው ከቤተ ክርስቲያን?» ብላ ጠየቀች። እዚያው አጠገቤ! እኔም ደብተሬ ላይ «ከእድር ይሻላል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ያፈሳል» ብዬ ጽፌ አሳየኋት። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ኦቦ ጉደታን ታስታውሺዋለሽ፣ ጎረቤቴን። እሱ ብቻ ጠዋት ጠዋት ከብቱን ሲያወጣ በአጥሩ በኩል «ባርሲሳ!» ብሎ በመምህርነቴ ይጠራኛል። እንደማልመልስ ስለሚያውቅ አይቆምም፣ ጠርቶኝ ያልፋል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያስሮጠኝ ጭምብሉ አይደለም። ከእኔ በፊት ተራ ይጠብቅ የነበረው የባኮ ሰው፣ ጂራ የሚባለው፣ «ፊትህን ከአልጋው ጋር ያጣብቁታል፣ ከዚያ ሁሉም እየተጣደፉ ይወጡና ያንን ወፍራም በር ይዘጉብሃል» አለኝ። ለዚህ ነው ደብተሬ ላይ የጻፍኩልሽ። መድኃኒት ከሆነ ለምን ትሸሹታላችሁ? መልሱ ይረዝማል ብለሽ አለፍሽኝ። ይርዘም፣ ምን ሥራ አለኝ?

ሲንቄን ታውቂያታለሽ፣ ባለቤቴን። በእረፍት ሰዓት ዳቦ ትሰጥሽ ነበር። አምቦ ተኝታ ስትታከም፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ መርፌ ከውጭ ገዝቼ እንዳመጣ ወረቀት ሰጡኝ። እጄን ይዛኝ ነበር። «ሂን ዴሚን» አለችኝ፣ አትሂድ። «አሁን መጣሁ» አልኳት። ሦስት ፋርማሲ ዞርኩ። መርፌውን ይዤ ስመለስ ተሸፍናለች። ማን አጠገቧ ነበር ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አልነበረም።

ሰው ብቻውን አልጋ ላይ ቀርቶ ወደ በር ሲያይ ምን እንደሚያስብ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳስብ ኖሬአለሁ። ሄጄ ልማረው አልፈልግም። አልመጣም ልጄ። ባርኔጣዬን በከበበው ላኪልኝ፣ ውርጩ ጀምሯል።

ቦጂያ


አዲስ አበባ
ኅዳር 24 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? መልስ ስላዘገየሁ አይቀየሙኝ። ስለ እትዬ ሲንቄ የጻፉልኝን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። የዳቦዋ ጣዕም አሁን ድረስ አፌ ላይ አለ።

ከባርኔጣዎ ጋር አንዲት የካርቶን ሳጥን ልኬአለሁ። እንዳይስቁ። ታምራት የሚባል የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ባለሙያ አለ። ፈረንጆቹ ቨርቿል ሪያሊቲ ይሉታል፣ እሱ ግን «ሳትሄድ መሄጃ» ብሎ ሰይሞታል። ሁለት ስልክ ሳንቃ ላይ ጎን ለጎን አስረን፣ የሕክምናው አልጋ ላይ ልክ የእርስዎ ጭንቅላት በሚሆንበት ቦታ አስቀምጠን ክፍሉን ቀረጽነው። ከዚያ ካርቶን ቆርጦ፣ ከአንድ ሰዓት ሠሪ የማጉያ መስታወት ለምኖ፣ መነጽር አድርጎ ሠራት። ስልኩ ውስጥዋ ነው።

በጀርባዎ ይተኙ፣ ሳጥኗን ዓይንዎ ላይ አድርገው ላስቲኩን ከጭንቅላትዎ ኋላ ይሰሩት፣ ከጎን ያለችውን ቀይ ምልክት ይጫኑ። ጎጆ ተኝተው እዚህ ይሆናሉ። ጣሪያው፣ አምፖሉ፣ ያ ትልቁ የማሽን ራስ፣ ሁሉም ልክ በቦታው ይታይዎታል። አንገትዎን አያዙሩ፣ ጭምብሉም አያስዞርም። በቀን ሁለቴ ይለማመዱ። ያልለመዱት ነገር ነው የሚያስፈራው፣ ይህን ለእኛ ሲነግሩን የነበሩት እርስዎ ነዎት።

አጠገብዎ ማን እንዳለም ያያሉ።

ሶረቲ


ጎጆ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሶረቲ፣

ገለቶሚ፣ አመሰግንሻለሁ። ሳጥኗ ምንም ሳትጨማደድ ደርሳለች፣ ከበበው እንደ ሕፃን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው ያመጣት። ባርኔጣው ግን ተጨማድዷል።

የመጀመሪያ ቀን፣ አልደብቅሽም፣ ያ ብረት ከላዬ ሲታየኝ ሳጥኗን መንጭቄ ጣልኳት። እንኳን ካርቶን ሆነች። ኦቦ ጉደታ «እስቲ እኔ ልየው» ብሎ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ወዲያው «ዋቃዮ! ሊወድቅብኝ ነው!» ብሎ ብድግ ሲል ጭንቅላቱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨ። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ሲገባ ሳጥኗን በሩቁ ነው የሚዞራት። ከታመምኩ ወዲህ በሳቅ ጎኔን ያመመኝ ያን ቀን ነው፣ ሳቄ ድምፅ የለውም እንጂ።

እኔ ግን ቀጠልኩበት። የልብ ምቴን በሰዓት እየያዝኩ ነው። በመጀመሪያው ቀን መቶ አራት ነበር፣ ትናንት ሰባ ስምንት። ቪዲዮው ሲያልቅ ደግሞ የሲንቄን ወንፊት ፊቴ ላይ ደፍቼ እተኛለሁ። ጭምብሉን መልመጃ መሆኑ ነው። የዱቄት ሽታው እስካሁን አልለቀቀውም። ጠያቂ ሲመጣ ወንፊቱን ቶሎ አንስቼ አልጋ ሥር እከተዋለሁ፣ አብዷል እንዳይሉኝ።

እውነቱን ልንገርሽ። ያረጋጋኝ ልምምዱ አይደለም። አንቺ ጎንበስ ብለሽ «ሂን ሶዳቲና ጋሼ፣ አይፍሩ፣ እዚሁ ነኝ» ትያለሽ። የማሽኑ ድምፅ ይጀምራል። ትከሻሽ ከዳር በኩል ይታየኛል፣ ድምፁ እስኪያቆም ድረስ ንቅንቅ አይልም። የባኮው ሰው ዋሽቶኛል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ እመጣለሁ።

ሦስት ጥያቄ አለኝ። ጢሜን ልላጨው ወይ? ኮልፌ የእህቴ ልጅ ዘንድ ነው የማርፈው፣ በየቀኑ ለመመላለስ ይርቃል ወይ? ሦስተኛው፣ ማሽኑ ሲሠራ ቪዲዮው ላይ እንዳለሽው እስከ መጨረሻው አጠገቤ ትቆያለሽ ወይ?

ቦጂያ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እሰይ! እሰይ! «እመጣለሁ» የምትለዋን ቃል ሥራ ቦታ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኳት። ዶክተር ዲቦራ ሳቀችብኝ፣ ታምራት ደግሞ ቃሏን ካርቶን ላይ ሊጽፋት ነው።

ጢምዎን ይላጩት፣ ካደገ ጭምብሉ አይገጥምም። ኮልፌም አይርቅም፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከተነሱ ይደርሳሉ። ሻርፕ ይያዙ፣ ሕክምናው እየገፋ ሲሄድ የአንገትዎ ቆዳ ስለሚቆጣ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። ቅመም የበዛበት ነገር ከአሁኑ ይቀንሱ። የእህትዎ ልጅ አጥሚት እንድትሠራ ይንገሯት። ፎጣ አያስፈልግም። ጎጆ በጣም ይበርዳል አሉ፣ እዚህም ዘንድሮ ብርዱ ለጉድ ነው። የቀረውን ሲመጡ በአካል እንጨዋወታለን። ሥራ በዝቶብኝ ነው ያሳጠርኩት፣ ይቅርታ።

ሶረቲ


ጎጆ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2006 ዓ.ም.

ሶረቲ፣

ከሦስት ሁለት። ስለ ፎጣ አልጠየቅሁሽም፣ መለስሽልኝ። የጠየቅሁሽን ዘለልሽው።

የማያውቅ ተማሪ ቦታውን ባዶ ይተዋል። እያወቀ የሚደብቅ ግን ስለ ብርድ ያወራል። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ሳጥኗን አድርጌ ደግሜ አየሁ፣ በዚህኛው ጊዜ አንቺን ሳይሆን ማሽኑን። ብረቱ አይንቀሳቀስም። መብራቱም አልበራም። ድምፁ ኋላ የተጨመረ ነው። አጠገቤ የቆምሽው ማሽኑ ጠፍቶ ነው።

እኔ ሲንቄን «አሁን መጣሁ» ያልኳትን ነው አንቺ እኔን «እዚሁ ነኝ» ያልሽኝ። ለደግ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ለደግ ብዬ ነበር።

ሳጥኗን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። የጥር 5ን ተራ ለሌላ ሰው ስጪው፣ የሚፈልገው ብዙ ነው።

ቦጂያ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ዋሽቼዎታለሁ። አዎ፣ እወጣለሁ። ሁላችንም እንወጣለን። የባኮው ሰው እውነቱን ነው የነገረዎት። ቪዲዮው ላይ የምወጣበት ነበረ፣ ታምራት ቀርጾት ነበር፣ እኔ ነኝ አስቆርጬው ድምፅ ያስለጠፍኩበት። ስለ እትዬ ሲንቄ ካነበብኩ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ። ከዚያ በኋላማ ውሸቱን ለማሳመር ፎጣና ብርድ ቀባጠርኩ። አፈርኩ ጋሼ።

መጀመሪያ ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ እንደፈራሁት አይረዝምም። ጨረሩ ለታመመ ሰው በልክ ይሰጠዋል፣ ለሱ መድኃኒት ነው። እኔ ግን እዚያ ብቆም በቀን የአርባ ሰው ድርሻ ባልታመመ ገላዬ ላይ ያርፋል፣ ያውም በየቀኑ። ዓመት ሳይሞላኝ ከወረፋው ውስጥ ነው የሚያገኙኝ። ስለዚህ እንወጣለን። ከበሩ ውጭ ጠረጴዛ አለ፣ በስክሪን አይዎታለሁ። ዓይኔን አላነሳም። ጣትዎን ካነሱ ማሽኑን አጥፍቼ እገባለሁ። ይህ ውሸት የለበትም።

ሳጥኗ ተመልሳ ስትመጣ ያደረግሁትን ልንገርዎ። ለራሴ ጭምብል አሠራሁ። ማሽኑ እንደጠፋ አልጋው ላይ ተኛሁ፣ አሰሩኝ፣ ታምራትም ሌሎቹም ወጡ፣ በሩ ተዘጋ። ረዥሙ የጨረር ጊዜ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው፣ ያን ያህል ተዉኝ አልኳቸው። ስምንት ዓመት ሰው እያስተኛሁ ስወጣ አንድ ቀን እንኳ ተኝቼበት አላውቅም ነበር። ስምንት ዓመት! «ምን አላት፣ ሁለት ደቂቃ አትሞላም» እያልኩ ነበር ለሰው የምነግረው። እኔ ግን ግማሹ ሳይደርስ እናቴን ጠራሁ። አፌ በጭምብሉ ስለተያዘ ስሟ እንኳ በደንብ አልወጣም።

ከዚያ አዲስ ቪዲዮ ቀረጽን፣ ሳጥኗንም ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼ ልኬአለሁ። ይህኛው ምንም አልተቆረጠም። ማሽኑም ይሠራል፣ ብረቱም ይዞራል። እኔም «እዚሁ ነኝ» አልልም። የምለው «ጋሼ፣ አሁን ልወጣ ነው» ነው። ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አራት እርምጃ ነው። ኮቴዬን ይቁጠሩት። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ከማሽኑ ድምፅ በቀር ምንም የለም፣ ማንም የለም። ከዚያ እመለሳለሁ።

ተራዎን ለማንም አልሰጠሁም። ካልመጡ ጥር 5 ጠዋት አልጋው ባዶውን ይውላል እንጂ እኔ ስምዎን አልሰርዝም። እባክዎ ይምጡ። ካልመጡብኝ አልችለውም።

ሶረቲ


ጎጆ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ሶረቲ፣

አየሁት። ሰባት ጊዜ።

ስትወጪ አሥራ አራት እርምጃ ነው፣ ልክ ነሽ። ስትመለሺ ግን ዘጠኝ ነው። ሮጠሻል።

ጢሜን ተላጭቻለሁ። ኦቦ ጉደታ «ሙሽራ መስለሃል» ብሎኛል። ዓርብ ከከበበው ጋር እወርዳለሁ።

ቦጂያ


ጎጆ
መጋቢት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሶረቲ ጃርሶ

ኢንተላ ኮ፣ በደህና ገብቻለሁ። ወር ሊሞላኝ ነው፣ ሳልጽፍልሽ መቆየቴን ስንፍና በዪው። አንገቴ ላይ የጠቆረው ቆዳ ተልጦ በሥሩ እንደ ሕፃን ቆዳ ወጥቷል። አጥሚት ሰልችቶኛል። ዶክተር ዲቦራ በሰኔ ተመለስ ያለችኝን አልረሳሁም፣ እስካሁን ያለው መልካም ነው ማለቷንም አልረሳሁም።

እዚያ ሳለሁ ደብተሬ ላይ ጽፈሽ ለጠየቅሽኝ አሁን ልመልስልሽ፣ ያኔ የዘለልኩት አውቄ ነው። በሩ ሲዘጋ ምን አደርግ እንደነበር ነው የጠየቅሽኝ። ስም እጠራ ነበር። የሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረቱን አምስተኛ «ለ»፣ በውስጤ፣ ከቁጥር አንድ ጀምሬ፣ እያንዳንዱ «አቤት» እስኪል እየጠበቅሁ። ቁጥር ሃያ ስድስት ሶረቲ ጃርሶ ነሽ። ረዥሙ ጨረር ላይ ስምሽ ጋ ስደርስ በሩ ይከፈት ነበር። አንዳንድ ቀን ዘግይተሽ ቁጥር ሃያ ሰባት ቀነዓን አልፈዋለሁ፣ ያኔ እናደድብሻለሁ። ሠላሳ ሦስቱንም የሕክምና ቀን እንዲህ ነው ያለፍኩት። አንድም ቀን ጣቴን አላነሳሁም። ፈርቼ አላውቅም ግን አልልሽም።

ሌላም ነገር አለ። አሥራ አራቱ ኮቴሽ ሲርቅ ስሰማ አንድም ቀን «ትታኝ ሄደች» አላልኩም። ፊቴ ታስሮ፣ ድምፅ የለኝ፣ ሰው የለኝ፣ ግን ለእኔ ብለሽ እንደወጣሽ አውቅ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ወይም በአሥራ ስምንተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ስም መጥራቱን አቋርጬ ሲንቄን አሰብኳት። እሷም እኮ ኮቴዬን ሰምታለች። ወረቀቱን ስቀበል አይታለች። ሲንቄ ከእኔ የምታንስ ሴት አልነበረችም። «ትቶኝ ሄደ» የሚለውን ለአሥራ አንድ ዓመት በአፏ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ እሷ አላለችም። «መድኃኒቴን ሊያመጣ ነው» ብላ ጠብቃኝ ይሆናል። አልደረስኩላትም፣ ይህ አይለወጥም። ግን እየጠበቀችኝ ነበር። አለቀስኩ፣ ጭምብሉ ውስጥ ዕንባ ወደ ጆሮ ነው የሚወርደው። ያን ቀን ስትፈቺኝ ጆሮዬን ጠርገሽልኝ ምንም አልጠየቅሽኝም። ገለቶሚ።

ቪዲዮውን ለሌሎቹም አሳዪያቸው። እንዳትቆርጪው ብቻ።

ቤቱ ያው ነው። ወንፊቱን ቦታው መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ጠያቂ ቀንሷል፣ «ድኖ መጥቷል» ስለተባለ መሰለኝ። የዳነን ሰው ማን ይጠይቃል? ቀኑ ይረዝማል። ሰዓት አስሬ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ የምቆጥርበት ጊዜ አለ፣ ሲያልቅ ግን የሚከፈት በር የለም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ሳልነግርሽ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ ኦቦ ጉደታ እንደ ልማዱ በአጥሩ በኩል «ባርሲሳ!» አለ። እኔም ሳላስበው «አቤት!» አልኩ። ወጣ! ሻካራ ነው፣ ይሰነጠቃል፣ ግን ድምፅ ነው ሶረቲ፣ የራሴ ድምፅ! ቤቱ ውስጥ ተሰማ። ጫማዬን አንድ እግር አድርጌ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ጉደታ እንደ ሁልጊዜው ጠርቶኝ አልፏል። ከብቶቹ ከወንዙ ማዶ ደርሰዋል።

ማንም አልሰማኝም። ስለዚህ ላንቺ ጻፍኩልሽ።

ነገ ጠዋት ከብቱን ሳያወጣ በፊት ተነስቼ አጥሩ ጋ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

መምህርሽ
ቦጂያ